እርግጠኛው ምስክር፦ በሐዋሳ ስለሚጻፍ የችሎት ልብ ወለድ

(በሐዋሳ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆችና ለሕግ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ክቡራትና ክቡራን፣

የተጋበዝኩት ስለ ችሎት ልብ ወለድ እንድናገር ነው። ሙያዬ ጥብቅና ነው፤ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔንም ያሳለፍኩት በወንጀል የተከሰሱ ሰዎችን በመከላከል ነው። ልብ ወለድ ጽፌ ባላውቅም፣ ወጣት ጸሐፊዎች የችሎት ታሪክ በጻፉ ቁጥር «ሕጉ እንዳይሳሳትብን እስቲ ይዩልን» እያሉ ረቂቃቸውን ስለሚያመጡልኝ ብዙ አንብቤያለሁ። በአብዛኞቹ ረቂቆች ውስጥ አንድ ትዕይንት ደጋግሞ ይመጣል። ተከላካይ ጠበቃው ይነሣል፤ የዐቃቤ ሕጉን ምስክር በጥያቄ ያጣድፋል፤ ምስክሩ ይንተባተባል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ በመጨረሻም «ዋሽቻለሁ፣ ገንዘብ ተሰጥቶኝ ነው» ብሎ ያለቅሳል። ታሪኩም እዚያው ላይ ይፈታል።

እኔ በቆምኩባቸው ችሎቶች እንዲህ ብሎ ያለቀሰ ምስክር ገጥሞኝ አያውቅም። የሐሰት ምስክር የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፣ የወንጀል ሕጋችንም በሐሰት መመስከርን በወንጀልነት ደንግጎ ያስቀጣል። ነገር ግን ለተከላካይ ጠበቃ ከሁሉ የሚያስፈራው ምስክር ሌላ ነው። እርሱ ያላየውን እንዳየ ከልቡ አምኖ፣ ቂም ሳይኖረው፣ ጉቦ ሳይበላ፣ ምሎ የሚናገር ሰው ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ እርሱ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ከተማ የሚጻፍ የችሎት ልብ ወለድ አንባቢውን እንቅልፍ ሊነሣው የሚችለው በዚህ ሰው በኩል ይመስለኛል።

በሕጉ ልጀምር። ሙያውን የተማርኩበትና ስሠራበት የኖርኩት የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣው በ1954 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ምስክሩን በመጀመሪያ ያቀረበው ወገን ዋና ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ቀጥሎ ተቃራኒው ወገን መስቀለኛ ጥያቄ ያቀርብለታል፤ በመጨረሻም ያቀረበው ወገን በመስቀለኛው የተነሣውን ነገር ለማብራራት ያህል ድጋሚ ይጠይቀዋል። በዋናው ጥያቄ ላይ መልሱን ወደ ምስክሩ አፍ የሚያቀርብ መሪ ጥያቄ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ አይፈቀድም፤ በመስቀለኛው ግን ይፈቀዳል። አንቀጽ 137 የመስቀለኛ ጥያቄን ዓላማ ሲገልጽ ደግሞ፣ በዋናው ጥያቄ ከተሰጠው መልስ ውስጥ የተሳሳተውን፣ የሚያጠራጥረውን ወይም እውነት ያልሆነውን ለፍርድ ቤቱ ለማሳየት እንደሆነ ያስቀምጣል። ሕግ አውጪው ሦስት ነገር ነው የዘረዘረው። ጸሐፊዎቻችን የሚያነሡት ሦስተኛውን ብቻ ነው። የተሳሳተውና የሚያጠራጥረው ግን በችሎት ውስጥ እጅግ የበዙት ናቸው፤ ለማሳየትም እጅግ ይከብዳሉ።

ለምን ይከብዳሉ? የሶስናን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁለት ሽማግሌዎች በንጽሕት ሴት ላይ በሐሰት መሰከሩ፤ ዳንኤል ለያይቶ «ከምን ዛፍ ሥር አየሃቸው?» ብሎ ሲጠይቃቸው አንዱ የአንድ ዛፍ፣ ሌላው የሌላ ዛፍ ስም ጠሩ፤ ተጋለጡ። እኔ ከማውቃቸው የመስቀለኛ ጥያቄ ታሪኮች የዚህን ያህል ያረጀና የዚህን ያህል የጠራ የለም። የሠራው ግን ሽማግሌዎቹ ውሸታሞች ስለነበሩ ነው። ተስማምተው የፈጠሩት ታሪክ ዛፍ አልነበረውምና እያንዳንዱ የየራሱን ዛፍ መትከል ነበረበት። በቅንነት የተሳሳተ ሰው ዘንድ ግን ዛፉ አለ፣ ቦታውም ትክክል ነው፣ ሰዓቱም ይገጥማል። የተሳሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የሰውየው ፊት ነው። ዳንኤልን ብታቆሙት እንኳ ያ ምስክር የዛፉን ስም አይስትም።

እንግዲህ አንድ ታሪክ አብረን እናስብ። ቦታው እዚሁ ሐይቃችን ዳር፣ ከአሞራ ገደል ራቅ ብሎ ጀልባዎች በሚታሰሩበት ስፍራ ይሁን። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አንድ ነጋዴ በስለት ተወግቶ ይሞታል። በዚያን ሰዓት በአካባቢው መብራት ጠፍቷል። ጀልባዎቹን የሚጠብቁ፣ ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ አንድ ዘበኛ ጩኸት ሰምተው ቀና ሲሉ ሰው ሲሮጥ ያያሉ። ሰካራሞች የተጣሉ መስሏቸው ወደ ዳሳቸው ይመለሳሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መረብ ሊያነሡ የወጡ ዓሣ አስጋሪዎች ሬሳውን ያገኙታል፤ ሰው ይሰበሰባል፤ ፖሊስ ይመጣል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እዚያው አሞራ ገደል ዓሣ በማጽዳት የሚተዳደር የ22 ዓመት ወጣት ይከሰሳል። ዘበኛው በችሎት ቀርበው «በጨረቃዋ ብርሃን ፊቱን አይቼዋለሁ፤ ይኸው ልጅ ነው» ብለው በጣታቸው ያሳያሉ።

ይህን ታሪክ ለወጣት ጸሐፊ ብሰጠው በመጀመሪያ የሚያደርገውን አውቃለሁ። ለዘበኛው ቂም ይፈልግላቸዋል፤ ከልጁ አባት ጋር የመሬት ክርክር ነበራቸው ይላል፣ ወይም እውነተኛው ገዳይ ገንዘብ ሰጥቷቸዋል ይላል። እባካችሁ አታድርጉት። እኚህን ሰው እንዳሉ ተዉአቸው። ከጎረቤት ተጣልተው የማያውቁ፣ ፍርድ ቤት መቆምን የሚጠሉ፣ «እግዚአብሔር የሚያየውን አልደብቅም» ብለው ብቻ የመጡ ሰው ይሁኑ። ጠበቃዋ ደግሞ ወጣት ሴት ትሁን። ዘበኛውን ባየቻቸው ጊዜ አያቷን የሚመስሏት፣ ዳኞቹም እንደዚያው የሚያዩአቸው መሆኑ ይግባት። ጭንቋ ከዚያ ይጀምር።

ጠበቃዋ የመጀመሪያውን ፍንጭ የምታገኘው ከወረቀት ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከትና የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት አለው ይላል፤ የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 145 ምስክሩ በፖሊስ ምርመራ ጊዜ የሰጠው ቃል በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ እንዲታይና ተዓማኒነቱን ለመንቀፍ እንዲያገለግል ይፈቅዳል። የፖሊስ ቃል ማንበብ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። እንዲህ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፦ «ከላይ በተጠቀሰው ቀንና ሰዓት በጥበቃ ሥራዬ ላይ እያለሁ ተጠርጣሪው በፍጥነት በመሮጥ ከአካባቢው ሲሰወር ተመልክቻለሁ።» እኚህ ሽማግሌ በሕይወታቸው «ከአካባቢው ሲሰወር ተመልክቻለሁ» ብለው አያውቁም። ይህ የመርማሪው አማርኛ ነው። መርማሪው ክፋት የለበትም፤ የሰማውን ወደ መዝገብ ቋንቋ ለወጠው። ነገር ግን ሽማግሌው «አንድ ሰው» ብለው የተናገሩት በመዝገቡ «ተጠርጣሪው» ሆኖ ይገኛል፤ «መሰለኝ» ያሉት ደግሞ ከነጭራሹ ጠፍቷል።

እዚህ ላይ በአማርኛችን ውስጥ ስላለች አንዲት ትንሽ ቃል ጥቂት ልቆይ፤ ለጸሐፊም ለጠበቃም ትጠቅማለች። አማርኛ አንድን ነገር እንዴት እንዳወቅነው የሚናገርበት ረቂቅ መንገድ አለው። «መጥቶ ነበር» ስል መምጣቱን እንደማውቅ እናገራለሁ። «መጥቶ ኖሯል» ስል ግን ሲመጣ አላየሁም፤ ኮቴውን ወይም የጠጣበትን ስኒ አይቼ ኋላ የደረስኩበት ነው። «መጥቷል አሉ» ስል ደግሞ ወሬውን የሰማሁት ከሌላ ነው። አንድ ሰው በገዛ ቋንቋው ሲናገር እነዚህን ሳያስብ ይለያቸዋል። ቃሉ በሌላ ሰው እጅ ሲጻፍ ግን «ኖሯል»ም «አሉ»ም ተፍቀው ሁሉም «ነበር» ይሆናሉ። ምስክሩ በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ተናግሮ ቃሉ በአስተርጓሚ አልፎ የሚመዘገብ ከሆነ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። እንደ ሐዋሳ ባለ ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ የሚጻፍ የችሎት ታሪክ ይህን ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

ጠበቃዋ መዝገቡን ስታገላብጥ የሽማግሌውን ሁለት ቃል ታገኛለች፤ ሦስተኛውን በችሎት ሰምታዋለች። በማግስቱ የሰጡት የመጀመሪያው ቃል፣ የመርማሪው አማርኛ ሲገፈፍ፣ «ሰው ሲሮጥ አየሁ» ይላል። ከዐሥር ቀን በኋላ የሰጡት ሁለተኛው ቃል «ቀጠን ያለ ወጣት» ይላል። በችሎት ደግሞ «ይኸው ልጅ» ሆኗል። ትዝታ በተፈጥሮው ከቀን ወደ ቀን ይደበዝዛል እንጂ አይጠራም፤ የእኚህ ሰው ግን እየቆየ ጠራ። በመካከሉ የገባ ነገር አለ ማለት ነው።

ምን ገባ? ልቅሶ ገባ። አስቡት። የሟች ቤት ድንኳን ተጥሏል፤ ዘበኛውም እንደ ማንኛውም የሠፈር ሰው ሦስት ቀን ተቀምጠዋል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። «አባባ፣ አይተውታል አሉ?» «ቀጭን ነበር?» «ያ ዓሣ የሚያጸዳው ልጅ ከሟች ጋር ተጣልቶ ነበር ይባላል፣ እሱን ይመስል ነበር?» ንፍሮው ይዞራል፣ ቡናው ይቀዳል፣ ጥያቄው ይደጋገማል። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ሲናገሩ ሌሎች የነገሯቸውን ከራሳቸው ጋር ደባልቀው ይናገራሉ፤ መደባለቁን ግን አያውቁትም። ፍርድ ቤት ምስክሮች አንዱ የሌላውን ቃል እንዳይሰማ ከችሎት ውጭ እንዲቆዩ ያደርጋል። ሆኖም የልቅሶውን ድንኳን የሚለያይ ሥርዓት የለም፤ ቀጠሮ በተላለፈ ቁጥርም እነዚያው ምስክሮች በፍርድ ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ።

ይህ ከልምድ የተወሰደ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች 45 ተማሪዎችን የመኪና ግጭት ፊልሞች አሳይተው ስለ ፍጥነቱ ጠየቋቸው። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ሆኖ ግሡ ብቻ ተለዋወጠ። መኪኖቹ «ሲጨፈላለቁ» ምን ያህል ይፈጥኑ ነበር ተብለው የተጠየቁት በአማካይ በሰዓት ከ40 ማይል በላይ አሉ፤ «ሲነካኩ» ተብለው የተጠየቁት 31.8 ማይል አሉ። በሌላ 150 ተማሪዎች ላይ በተደረገው ሁለተኛው ሙከራ ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ተብለው ተጠየቁ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። «ሲጨፈላለቁ» የሚለውን ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ አይተናል አሉ፤ ለዘብ ባለው ቃል ከተጠየቁት 50ዎቹ ግን እንዲህ ያሉት 7 ብቻ ነበሩ። አንዲት ግሥ ይህን ካደረገች፣ የሦስት ቀን ልቅሶ የሚያደርገውን ለእናንተ እተወዋለሁ።

በሜሪላንድ ግዛት ከርክ ብለድስዎርዝ የተባለ ሰው አንዲት ሕፃን ገድለሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1985 ሞት ተፈረደበት። አምስት ምስክሮች ለይተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የዘረ መል ምርመራ ንጹሕ መሆኑን አረጋግጦ ተፈታ። ከአምስቱ አንዱ እንኳ ውሸታም መሆን አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ1976 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተርንቡል በተባለው ጉዳይ ላይ ዳኞች ስለ ዓይን ምስክር ሊጠነቀቁበት የሚገባውን ሲዘረዝር፣ የተሳሳተ ምስክርም አሳማኝ ምስክር ሊሆን እንደሚችል ማስገንዘቡ ስለዚህ ነው። ከዚያም ጥያቄዎቹን አስቀመጠ፦ ምስክሩ ሰውየውን ለምን ያህል ጊዜ አየው? ከምን ያህል ርቀት? ብርሃኑ እንዴት ነበር? የጋረደው ነገር ነበር? ከዚያ በፊት ያውቀው ነበር? በመጀመሪያ የገለጸው መልክ ከተከሳሹ መልክ ጋር ይገጥማል? እነዚህን ጥያቄዎች የችሎት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጣቸው እወዳለሁ።

በሀገራችንም የምስክርን ንጽሕና ከምስክርነቱ እርግጠኝነት ጋር የማምታታት አሮጌ ታሪክ አለ። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ይሠራበት በነበረው የሌባሻይ ሥርዓት፣ ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይሰጠውና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት የሌባው ቤት ነው ይባል ነበር። ልጅ የሚመረጠው ቂም የማያውቅ ንጹሕ ነው ተብሎ ነው። ንጹሕነቱስ እውነት ነበር። ቤቱን ማወቁ ግን ከንጹሕነቱ አይመጣም። የዘበኛው ጉዳይ ከዚህ የተለየ መስሎ አይታየኝም፤ ዳኞቹ ሽማግሌውን ሲያዩ የሚያምኑት ጠባያቸውን ነው፤ የሚፈረደው ግን በዓይናቸው ላይ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ሙያውን በጀመርኩባቸው ዓመታት በአንድ የዝርፊያ ክስ ላይ ተከሳሹን ወክዬ ቆሜ ነበር። ምስክሯ ጎልማሳ ሴት ነበሩ። ጨለማ እንደነበር አመኑልኝ፤ ርቀቱን አመኑልኝ፤ ዘራፊው ሻሽ እንደጠመጠመም አመኑልኝ። እዚያ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ድሉን በአፋቸው ማስነገር ፈለግሁና «ታዲያ በዚያ ጨለማ እሱ መሆኑን እንዴት ሊያውቁ ይችላሉ?» አልኳቸው። ሴትዮዋ ወደ ዳኞቹ ዘወር ብለው፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «ሞትን በዓይኔ ያየሁበትን ፊት እንዴት እረሳዋለሁ?» አሉ። ችሎቱ ጸጥ አለ። እስከዚያ ድረስ የሰበሰብኩት ሁሉ በዚያች አንዲት መልስ ፈሰሰ። ደንበኛዬ ተፈረደበት። ጥፋተኛ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም፤ የማውቀው ያን ጥያቄ መጠየቅ እንዳልነበረብኝ ነው። «እንዴት» እና «ለምን» ለምስክሩ ሰፊ ሜዳ ይከፍታሉ፤ እርግጠኛ ሰው ደግሞ በዚያ ሜዳ ላይ የሚናገረው ስሜቱን ነው።

ወደ ታሪካችን ልመለስ። ጠበቃዋ ሽማግሌውን የምትፈትንበት ነገር ጨረቃዋ ናት። እዚህ ላይ አንባቢ አብርሃም ሊንከንን ያስታውስ ይሆናል። ሊንከን ፕሬዝዳንት ከመሆኑ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1858 በኢሊኖይ ግዛት ዳፍ አርምስትሮንግ ለተባለ በግድያ ለተከሰሰ ወጣት ያለ ክፍያ ቆሞለት ነበር። ዋናው ምስክር ቻርልስ አለን ድብደባውን በደማቅ ጨረቃ ብርሃን ከ150 ጫማ ርቀት እንዳየ መሰከረ። ሊንከን ዝርዝሩን ደጋግሞ እንዲናገር ካደረገው በኋላ የዓመቱን የቀን መቁጠሪያ አውጥቶ ጨረቃዋ በዚያን ሰዓት ልትጠልቅ መቃረቧን አሳየ። ወጣቱ በነጻ ተለቀቀ።

የእኛ ጠበቃ ግን የቀን መቁጠሪያ ከመፈለጓ በፊት የምትጠይቀው ሰው አላት። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄዳ «የኔታ፣ በዚያች ሌሊት ጨረቃ ስንት ቀኗ ነበር?» ትላቸዋለች። አበቅቴውን ይዘው፣ በጣታቸው ቆጥረው፣ «22 ቀኗ ነው» ይሏታል። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየች ትሄዳለች። ስለዚህ በ22ኛ ቀኗ የምትወጣው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በሐዋሳ ሰማይ ላይ ጨረቃ አልነበረችም ማለት ነው፤ መብራትም ጠፍቶ ነበር።

ሰነፍ ጸሐፊ እዚህ ላይ ሽማግሌውን ያዋርዳቸዋል። «ጨረቃ በሌለበት በጨረቃ አየሁ አሉ፤ ዋሽተዋል!» ብሎ ጠበቃዋን ያስጮኻታል። እኔ ግን ሽማግሌው ጨረቃዋን አይተዋታል እላለሁ። ያዩአት ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ሬሳው ሲገኝ ነው። የልጁንም ፊት አይተዋል። ያኔ ሥራው ከዓሣ አስጋሪዎቹ ጋር በመሆኑ ልጁ ከተሰበሰቡት መካከል ነበረና። የምሽቱን ሩጫና የሌሊቱን ፊት ትዝታቸው አንድ ላይ ሰፍቷቸዋል። እንዲህ ያለው ነገር በእውነትም ይደርሳል። በአውስትራሊያ ዶናልድ ቶምሰን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ አንዲት ሴት ደፍሮኛል ብላ ለየችው፤ እሱ ግን ጥቃቱ በደረሰበት ሰዓት በቀጥታ በሚተላለፍ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ ነበር። ሴትዮዋ ከጥቃቱ በፊት ያንኑ ዝግጅት እያየች ነበርና የቴሌቪዥኑን ፊት ወደ አጥቂው አዛውራው ነው። የሰውየው ሙያ ደግሞ የዓይን ምስክር ትዝታን ማጥናት ነበር።

መስቀለኛ ጥያቄው እንግዲህ በአክብሮትና በትንንሽ እርምጃ ይሂድ። ድምፅዋን ከፍ አታድርግ። እንዲህ ትጀምር፦

«አባቴ፣ መብራት ሲጠፋ የት ነበሩ?»

«ከዳሱ ሥር።»

«ከሰል አቀጣጥለው ነበር?»

«ብርድ ነበራ። ሻይ ጥጄ ነበር።»

«ጩኸቱን ሲሰሙ እሳቱን እያዩ ነበር?»

«እያራገብኩ ነበር። ቀና ስል ሰው ይሮጣል።»

«ከዚያ ወደ ዳሱ ተመለሱ።»

«ተመለስኩ። ሰካራም ናቸው ብዬ።»

በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ውስጥ ብዙ ነገር አለ። ፍም ሲመለከት የቆየ ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ሽማግሌው ግን የነበራቸው ሁለት ወይም ሦስት ቅጽበት ነው። ጠበቃዋ ይህን አትናገርም። መልሱ በመዝገብ ላይ እንዲቀመጥ ብቻ ታደርጋለች፤ በክርክር ማቆሚያዋ ትመለስበታለች። ትቀጥላለች፦

«ሌሊት 9 ሰዓት ሬሳው ሲገኝ እርስዎም ሄደው ነበር?»

«ሄጃለሁ እንጂ።»

«ጨረቃ ነበረች?»

«ከፍ ብላ ነበር። እንደ ቀን ነው የሚያበራው።»

«ይህ ልጅ እዚያ ነበር?»

«ነበር። ሬሳውን ሲያነሡ እግሩን ይዞ ነበር።»

«ፊቱን አዩት?»

«አየሁት። ያለቅስ ነበር።»

«አመሰግናለሁ፣ አባቴ። ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጨርሻለሁ።»

የሚቀጥለው ጥያቄ በምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ «ታዲያ ያዩት ፊት የ9 ሰዓቱን አይደለም?» ማለት ይቃጣታል። አትለውም። ጸሐፊው የዚህን ዝምታ ክብደት በአንድ ሙሉ ገጽ ቢጽፈው አይበዛበትም፤ ጠበቃዋ ስትቀመጥ እግሯ የሚንቀጠቀጠው፣ የተከሳሹ እናት ከኋላ «ለምን ተወችው?» ብለው የሚያንሾካሹኩት፣ ዐቃቤ ሕጉ ማስታወሻውን እያገላበጠ በድጋሚ ጥያቄ መነሣት አለመነሣቱን የሚያመነታው ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። በመጨረሻም ዐቃቤ ሕጉ «ድጋሚ ጥያቄ የለኝም» ይላል።

ጸሐፊዎቻችን ከውጭ ፊልም የሚገለብጡት ችሎት የሌለው አንድ ነገር ደግሞ በእኛ ዘንድ አለ። ከአሥራ ሁለት ዜጎች የተውጣጣ ፈራጅ ሸንጎ የለንም፤ የሚፈርዱት ዳኞቹ ናቸው፤ ዳኛም ለትክክለኛ ፍርድ ያስፈልገኛል ያለውን ጥያቄ በማናቸውም ጊዜ ለምስክር ማቅረብ ይችላል። የማጣሪያ ጥያቄ የምንለው ይህን ነው። ተከላካይ ጠበቃ ሆኖ የማጣሪያ ጥያቄን የማይፈራ የለም፤ በብልሃት ሳትጠይቁ የተዋችሁትን ዳኛው በቅንነት ይጠይቅላችኋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መልስ የሚመልሰው የለም። የታሪካችን ቁንጮ ሊሆን የሚገባውም እርሱ ነው።

የመሐል ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ሽማግሌው ያያሉ። «አባቴ፣ በምሽቱ ሰውየው ሲሮጥ ያን ጊዜ ፊቱን አይተዋል?»

ሽማግሌው ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይቆያሉ። ልጁን ያያሉ፤ ዳኛውን ያያሉ። ከዚያም በገዛ ራሳቸው አማርኛ፣ ማንም ሳያስጠናቸው፣ «ጌታዬ፣ ኋላ ሬሳው ዘንድ ሲያለቅስ ሳየው ነው፣ ‹ለካ ቅድም የሮጠው እሱ ኖሯል› ያልኩት» ይላሉ።

ዳኛው ብዕራቸውን አንሥተው እየጻፉ፣ «ቅድም የሮጠው እሱ ነበር...» ብለው ጮክ ብለው ያነባሉ።

ጠበቃዋ ትነሣለች። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይቅርታ። ምስክሩ ያሉት ‹ለካ› እና ‹ኖሯል› ነው። እንዳሉት ይጻፍልኝ።»